በመስኮት የሚገባ መባ

እትዬ የሻረግ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ በረዶ የጋገረበትን ደረጃ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከኋላቸው ኂሩት አለች። «እትዬ፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉ» ትላለች፤ መልስ ስታጣ ደግማ ትላለች። ከሆሎዌይ እስከ ካሌዶኒያን ሮድ በእግሯ ሮጣ ስለ መጣች ጫማዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ ጭቅ ጭቅ ይላል።

«እኔ ብወድቅ ቁልፉም አብሮኝ ነው የሚወድቀው» አሉ እትዬ የሻረግ ሳይዞሩ። «ምን ነክቶሽ ነው በማለዳ? የገና ዋዜማ ነው እንጂ የምጽአት ቀን አይደለም።»

ዕለቱ ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር። እንግሊዞቹ ገናቸውን አክብረው፣ ዛፋቸውን በየደጃፉ ከጣሉ ሰንብተዋል። የሐበሻው ገና ነገ ነው። በዚያ ዘመን የእነ እትዬ የሻረግ ደብር የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ ከአንድ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለእሑድና ለበዓል፣ ምድር ቤቱን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተከራይቶ ይገለገል ነበር። ምድር ቤቱ የመባ ክፍል ነው። ዕጣኑ፣ ዘቢቡ፣ ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ ምእመኑ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ኃላፊዋ እትዬ የሻረግ ናቸው። በ1971 ለንደን ገብተው፣ ሆስፒታል ጽዳት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ እሳቸው ግን ሥራዬ የሚሉት ይህን ነው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እንኳ ሳያስፈቅዳቸው አንዲት ሻማ አያነሣም።

የብረቱን በር ከፈቱና ቁልፉን ከነነጭ ክሩ በሩ ላይ ትተውት ገቡ። የመባ ክፍል ሰው እያለበት ከውስጥ አይቆለፍም፤ ጠባቂው ምን ሲያደርግ እንደ ዋለ የፈለገ ሰው ገብቶ እንዲያይ ነው። ይህን ሥርዓት ያስተማሯቸው ከእሳቸው በፊት ቁልፉን ይዘው የነበሩት አቶ መብርሃቶም ናቸው። ሌላም ሥርዓት አስተምረዋቸዋል፤ የሰጪ ስም ከመባው ላይ ይነሣል። ወረቀቱ ተቀዶ፣ መጠቅለያው ተፈትቶ፣ የባለ ሱቁም የሥራ ፈቱም ጧፍ አንድ ሣጥን ውስጥ ይደባለቃል። እትዬ የሻረግ ይህን ሕግ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት።

በስተ ውስጥ ወዳለው ክፍል እንደ ገቡ ኂሩት ክንዳቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ በኅዳር የሰጠሁዎትን ጥቅል ጧፍ ይመልሱልኝ።»

እትዬ የሻረግ ሳቁ። ሰው መባ ሲሰጥ እንጂ ሲያስመልስ አይተው አያውቁም።

«ለእመቤታችን የተሰጠ ከዚህ ቤት የሚወጣው ለመብራት ነው። ዛሬ ማታ ይበራል፤ ያኔ ታይዋለሽ።»

«ውስጡ የመፈቻ ወረቀቴ አለ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኂሩት ሰላ ድንጋይ በምትባል ትንሽ ከተማ የምታስተምር መምህርት ነበረች። በ97ቱ ምርጫ ታዛቢ ሆና ቆመች፤ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግርግር ታሰረች። ከአራት ወር በኋላ ስትፈታ ፎቶዋ የተለጠፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ሰጧት። ስትሰደድ ወረቀቱን እናቷ ቀበሩት። ለንደን ደርሳ ጥገኝነት ስትጠይቅ ዳኛው አላመኗትም፤ ታስሬ ነበር ትላለች እንጂ የሚያሳይ ነገር የላትም ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ በየረቡዑ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ እየሄደች፣ አለሁ ብላ ትፈርማለች። የዛሬ ፊርማዋ በስምንት ሰዓት፣ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ከቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ይግባኝ ብላ እሱም በሐምሌ ውድቅ የሆነ ለት ተስላ ነበር። ከእናቷ ቤት መጀመሪያ የሚደርሳትን ዕቃ ምንም ይሁን ምን፣ ፈትታ ሳታየው ለማርያም ልትሰጥ። በኅዳር አንዲት መንገደኛ እናቷ በእጃቸው የሠሩትን፣ ክንድ የሚያህል ጥቅል ጧፍ አመጣችላት። ኂሩት ስማው አለቀሰች፤ በማግስቱ ለእትዬ የሻረግ አስረከበች። እናትየዋ ደግሞ ስልክ ይጠለፋል ብለው ስለሚፈሩ ሚስጥሩን የነገሩት ለመንገደኛዋ ብቻ ነበር። መንገደኛዋ ረሳችው። ዛሬ ጠዋት ኂሩት በስልክ ካርድ ደውላ «እማዬ፣ የላክሽልኝ ጧፍ ዛሬ ማታ ለእመቤቴ ይበራል» ስትላቸው እናትየዋ ጮኹ። ወረቀቱን ማጠንጠኛ አድርገው፣ ጧፉን የጠመጠሙት በላዩ ላይ ነበር።

«ሎየሬ፣ ያ ጠበቃዬ፣ ዛሬ አዲስ ማስረጃ ካልያዝሽ ስትፈርሚ እዚያው ዲቴይን አድርገው ያስሩሻል ብሎኛል» አለች ኂሩት። «ካልሄድኩ ደግሞ ጠፋች ብለው ቤቴ ይመጣሉ። ብሄድም ተያዝኩ፣ ብቀርም ተያዝኩ። እትዬ፣ ሌላ መውጫ የለኝም።»

እትዬ የሻረግ ሆዳቸው ባባ። ግን መሸነፍ የማይወዱ ሴት ነበሩ።

«ስለት አይደለም እንዴ? በአፍሽ አይደለም እንዴ የተሳልሽው? ደግሞስ የትኛው ነው ያንቺ? ሠላሳ አንድ ጥቅል አለኝ፤ መጠቅለያውን ሁሉ ፈትቼ ደባልቄዋለሁ። ያንቺን ለመፈለግ የሠላሳ ሰው መባ ልፍታ?»

ኂሩትም ጮኸች፣ እሳቸውም ጮኹ። በጩኸቱ መሐል መብራቱ ጠፋ። ከወዲያ በኩል የብረቱ በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

በዳበሳ በሩ ጋ ሲደርሱ ተቆልፏል። እትዬ የሻረግ ወዲያው ገባቸው። የሕንፃው ጠባቂ ሚስተር ኮሊን በበረዶው ምክንያት ቢሮውን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አይቶ፣ እኒህ አሮጊት ዛሬም ረሱት ብሎ፣ እንዳይሰረቅባቸው ቆልፎ ይዞላቸው ሄደ። መብራቱንም ከበሩ ውጭ ባለው ማብሪያ አጠፋላቸው። ጆሮው ይከብደዋል እንጂ ደግ ሰው ነው።

በሩን ደበደቡ። ስሙን ጠሩ። የሚመልስ ጠፋ። ኂሩት ኖኪያዋን አወጣች፤ ኔትወርክ የሚባል የለም። ሰዓቱ አራት ከሩብ ይላል።

«ማን ይመጣል?» አለች።

«ለዋዜማው ዲያቆናቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ።»

«አሥራ አንድ ሰዓት!» ኂሩት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከእስር ቤት ከወጣች ወዲህ በር ሲቆለፍ መስማት አትችልም ነበር። ትንፋሿ አጠረ። እትዬ የሻረግ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት፤ ብርዱ እሳቸውንም አጥንታቸው ድረስ ገብቶ ነበር። በሐሳባቸው ጸሎት ጀመሩ፤ መሐሉ ላይ ጠፋባቸው። ፈርተዋል። ቁልፉን በሩ ላይ የተዉት እሳቸው መሆናቸውም ያንገበግባቸዋል።

በመጀመሪያው ክፍል ጣሪያ ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በውጭ በኩል ከጓሮው መንገድ እኩል ናት፤ ብረት አላት፤ መስታወቷ በአንድ በኩል ተሰብሯል። ወንበር ላይ ቆመው ቢያዩ በረዶ ብቻ ነው። በደህናው ቀን እንኳ በዚያ ጓሮ እግር አይበዛም።

«አንድ ሰው ሊመጣ ይችላል» አሉ እትዬ የሻረግ። የሚናገሩት እየከበዳቸው ነበር። «በየዓመቱ በገና ዋዜማ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በዚህች መስኮት መባ የሚጥል ሰው አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።»

«ማን ነው?»

«አላውቅም። እንዳላየው ብዬ በዚያ ሰዓት ላይ ፎቅ እወጣለሁ። ስወርድ ወለሉ ላይ አገኘዋለሁ። ስንክሳሩ በታኅሣሥ 10 የሚያነሣው ኒቆላዎስ የሚባል ጻድቅ አለ፤ ሦስት ሴት ልጆች ላሉት ድሃ በሌሊት በመስኮት ወርቅ እየጣለ ይሄድ የነበረ። ፈረንጆቹ ቀይ ካፖርት አልብሰው በየሱቁ በር የሚያቆሙት እሱን ነው። ጻድቁ እንዳይታወቅ ተሸሽጎ ነው የሰጠው። እኔም የሰውየውን ፊት ማየት አልፈለግሁም።»

«በዚህ በረዶ ይመጣል?»

«እንጃ።»

ኂሩት ተነሥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል አየች። ጨለማ ነው። ሣጥኑ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ እትዬ የሻረግም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ጉልበተኛ ናት፣ ገፍትራቸው ሣጥኑን ማውረድ ትችላለች። አላደረገችውም። ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጋቢውን ለሁለት ተካፈሉት።

እትዬ የሻረግ ጊዜውን ለመግፋት፣ የደብሩ መሪጌታ ተክለአብ በየገናው የሚያወሩትን አነሡ።

«ሰብአ ሰገል ያመጡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ የራሳቸው አልነበረም። አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ መላእክት ያመጡለት ነው። እሱ ለሔዋን ማጫ አድርጎ ሰጣት፤ ከእሷ ለልጃቸው ለሴት፣ ከሴት ለልጆቹ፣ እንዲህ እያለ ኖኅ እጅ ገባ። ኖኅም ይዞት መርከብ ገባ።»

«ተቆልፎበት» አለች ኂሩት።

«ተቆልፎበት። እሱንስ እግዚአብሔር ነው የቆለፈበት፤ እኛን ሚስተር ኮሊን።» ኂሩት ፈገግ ያለች መሰላቸውና ልባቸው ትንሽ ረጋ። «ያ ሁሉ ሰው ስጦታውን ሲጠብቅ ኖረ እንጂ አልነካውም። ለሚወለደው ሕፃን ነዋ። መሪጌታ፣ የገና ስጦታ ሥሩ እዚያ ነው ይላሉ። ያልተነካ ነገር፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ለባለቤቱ ሲደርስ።»

«ከደረሰስ በኋላ?»

«ምን ከደረሰ በኋላ?»

«እመቤታችን ወርቁን ምን አደረገችው?»

መሪጌታ ታሪኩን የሚጨርሱት ሰብአ ሰገል በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። ከዚያ እልልታ ነው፣ ከበሮ ነው። ማንም ጠይቆ አያውቅም።

«ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ፈለገ» አሉ እትዬ የሻረግ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሌሊት ተነሥታ ግብፅ ተሰደደች። ዮሴፍ ሽማግሌ ነው። አገሩ የሰው አገር ነው። ከየት አምጥተው በሉ? ወርቁን ነዋ። ሌላ ምን ነበራት?»



እትዬ የሻረግ ፊታቸው ጋለ። ለስደተኛዋ የተሰጠውን ነገር ከስደተኛ ሲከለክሉ ማርፈዳቸው ነው። አፈሩ፤ ጨለማ መሆኑ በጀ።

«ክብሪት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ» አሉ። «አንድ ጧፍ አብሪና ሣጥኑን አውርጂው።»

ሥራው እንዳሰቡት ቀላል አልነበረም። ብርድ የመታው ሰም እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰባበራል። እያንዳንዱን ጥቅል በጋቢ ሥር ብብታቸው ውስጥ ይዘው ካሞቁት በኋላ ነው ክሩን ቀስ እያሉ የሚፈቱት። የመጀመሪያው ማጠንጠኛ የመጥረጊያ እንጨት ስባሪ ነበር። የሁለተኛው እርሳስ። የሦስተኛው የተጠቀለለ ወረቀት ሆነና ኂሩት ከእጃቸው ነጠቀችው፤ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አነበበችው።

«እመቤቴ፣ ልጄን ከመጠጥ አውጪልኝ።»

የእሷ አይደለም። የስድስተኛውም ወረቀት ነበር፤ «የማማዬን ቀብር እንኳ ሳልደርስ ቀረሁ፣ ይቅር እንድትለኝ ንገሪልኝ» ይላል። ከዘጠነኛው ውስጥ የአንድ ወታደር ጉርድ ፎቶ ወጣ፤ ምንም አልተጻፈበትም።

እትዬ የሻረግ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ጧፍ ነዶ ሲያልቅ የሚቀረውን ማጠንጠኛ በየሰኞው ጠርገው ከቆሻሻ ጋር ይጥሉት ነበር። አንድም ቀን ዘርግተው አላዩትም።

«ይኼን ሁሉ ዓመት» አሉ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ጣልሁት።»

«አላወቁማ፣ እትዬ።»

«ስም አይኑር አልሁ እንጂ ሰውም አይኑር አላልሁም ነበር።» ማልቀስ ፈለጉ፤ ግን አሥረኛው ጥቅል ብብታቸው ውስጥ ለስልሶ ነበርና አወጡት።

አምስት ሰዓት አለፈ። ስድስት ሆነ። ኂሩት በየጥቂቱ እየሄደች ወንበሩ ላይ ትወጣና መስኮቷን ታያለች። እግር የለም። የስልኳ ባትሪ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱን የሚያውቁት በግምት ሆነ።

አሥራ ዘጠነኛው ጥቅል ከሌሎቹ ይከብድ ነበር። ክሩ ለስላሳ ነው፣ የእጅ ፈትል። ሲፈታ መጀመሪያ ፌስታል ታየ። ኂሩት በጥርሷ ቀደደችው። ወረቀቱ ጫፉ ሰም ጠጥቷል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ከፎቶው ላይ የተላጨች፣ ዓይኗ የፈጠጠ ሴት ታያታለች።

«እኔ ነኝ» አለች ኂሩት። «እትዬ፣ ይኸው እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ግን አሁንም በሩ ተቆልፏል። ወረቀቱ ተገኝቶ ሰዓቱ ሊያልፍ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ባሰ። ሁለቱም ከመስኮቷ ሥር ቆመው እየተፈራረቁ ጮኹ፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ከዚያ ደከማቸው።

በረዶ ሲረገጥ የሰሙት ዝም ባሉበት ሰዓት ነው። አንድ ጥንድ ጥቁር ቦት ጫማ መስኮቷ ጋ ቆመ። ጉልበት በረከከ። አንድ እጅ በብረቱ መሐል ገባ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕጣን ይዟል። የእጁ ትንሿ ጣት ግማሽ የላትም።

እትዬ የሻረግ ያን እጅ ያውቁታል። ጣቱን ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እንደ በላው ያውቃሉ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ፣ ደብሩ ውስጥ ኤርትራዊ ነው ኢትዮጵያዊ ነው የሚል ሹክሹክታ ሲበዛ፣ ማንም ውጣ ሳይላቸው፣ ማንም አትሂድ ሳይላቸው፣ ይህ እጅ ነው የመባ ክፍሉን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ ያስቀመጠው። እሳቸውም ቃል ሳይተነፍሱ መዳፋቸውን ጨበጡ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሰዓት ፎቅ እየወጡ የሸሹት የጻድቁን ምስጢር ለመጠበቅ ብቻ እንዳልነበር አሁን ለራሳቸው አመኑ።

ዕጣኑ ወደቀ። እጁ ተመለሰ።

«አቶ መብርሃቶም!»

ቦት ጫማው ባለበት ደረቀ። ከዚያ አንድ እርምጃ ራቀ።

«አቶ መብርሃቶም፣ እባክዎ አይሂዱ! የሻረግ ነኝ! ተቆልፎብናል!»

ቦት ጫማው ተመለሰ። ሽበታም ፊት ጎንበስ ብሎ በብረቱ መሐል አየ።

«ማን ቆለፈባችሁ?»

«በኋላ ልንገርህ» አሉ እትዬ የሻረግ፤ እርስዎ ማለቱ በአንድ ጊዜ ጠፋባቸው። «ይህች ልጅ በስምንት ሰዓት ካልፈረመች ያስሯታል። ሰው ጥራልን፣ ፖሊስም ቢሆን፣ እሳት አደጋም ቢሆን ጥራልን!»

ቦት ጫማው ከመስኮቷ ተሰወረ። ደረጃው ላይ የሚወርድ እግር ተሰማ። ቀጥሎ የብረቱ በር ቁልፍ ተሽከረከረ።

በሩ ተከፈተ። አቶ መብርሃቶም ካፖርታቸው በረዶ ለብሶ፣ ዝገት የጀመረው ቁልፍ በእጃቸው እንዳለ ቆመዋል። ኂሩትን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«አውቶቡሱን ተዪው፤ እኔም ከፊንስበሪ ፓርክ በእግሬ ነው የመጣሁት። ባቡሩ ይሠራል። ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው፤ ትደርሻለሽ።» ጓንታቸውን አውልቀው ሰጧት፤ ስልክ ቁጥራቸውንም በጋዜጣ ቁራጭ ላይ ጻፉላት። ኂሩት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል «ሂጂ!» ብለው ገፏት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ሁለቱ አዛውንቶች ብቻቸውን ቀሩ።

«ቁልፉ ነበረህ» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ሁለት ነበሩ። አንዱን ሰጠሁሽ፤ አንዱ ኪሴ ውስጥ ቀረ።»

«ቁልፍ ይዘህ ነው ይኼን ሁሉ ዓመት በመስኮት የምትጥለው?»

«ቁልፍስ ነበረኝ» አሉ አቶ መብርሃቶም፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ እንደ ጉድ ተዘርግቶ በሚታየው ጧፍ ላይ አድርገው። «ግባ ያለኝ ሰው ነው ያልነበረው።»

እትዬ የሻረግ «ይቅር በለኝ» አሉ። ወንበር ሳቡላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጧፉን ሲያጠነጥኑ ዋሉ። የወጣውን ወረቀት ሁሉ፣ የወታደሩንም ፎቶ፣ በየነበረበት እየመለሱ ጠመጠሙበት። አቶ መብርሃቶም አንድ ጊዜ «አጠንጣጠንሽ ዛሬም ጠማማ ነው» አሉ፤ እትዬ የሻረግም «አስተማሪዬ ማን ሆነና» አሉ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አቶ መብርሃቶም ስልካቸውን ይዘው ደረጃው ጫፍ ላይ ሊቆሙ ወጡ። ቀዝቅዟል፣ ጨልሟል። እትዬ የሻረግም ተከትለው ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ስልኩ ጮኸ። አቶ መብርሃቶም ሳያነሡት ለእትዬ የሻረግ አቀበሉ።

«እትዬ፣ ወረቀቱን ኮፒ አድርገው ተቀበሉኝ። ሎየሬም ደውሎላቸዋል። ለሚቀጥለው ረቡዕ ነይ ተባልኩ።» የደወለችው ከመንገድ ስልክ ነው፤ ድምጿ ይቆራረጣል፣ ከኋላዋ መኪና ይሰማል። «እትዬ፣ ውጭ ነኝ! መንገድ ላይ ቆሜያለሁ!»

እትዬ የሻረግ «እሰይ፣ እሰይ» አሉ። ስልኩን መለሱ።

አቶ መብርሃቶም ኮፍያቸውን አደረጉ። ኪሳቸው ገቡና ዝገት የጀመረውን ቁልፍ አውጥተው በመዳፋቸው ዘረጉት፣ ልክ ያኔ እንደ ዘረጉት።

«እንግዲህ ይኼኛውንም ያዥው። አንቺ ዘንድ ይሁን።»

እትዬ የሻረግ ቁልፉን አዩት። ከዚያ ግማሽ ጣት የሌለውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ቁልፉ ላይ አስጨበጡት።

«የእኔን ሚስተር ኮሊን ወስዶታል» አሉ። «ዲያቆናቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ። በሩን የምትከፍትልን አንተ ነህ።»